ላቲኖዎች በአሜሪካ የሙዚቃ ቴአትር መድረክ ላይ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለመማር የሚፈልግ ሰው የመሪዎችንና የጦርነትን ታሪክ ብቻ ማንበብ አይበቃውም። ሕዝቡ የዘፈነውን፣ የተጫወተውን፣ የሣቀበትንና ያለቀሰበትን ጭምር መመርመር አለበት። ቴአትር የሕዝብ መስተዋት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ነገር ግን ስለ መስተዋቱ ስንናገር አንድ ጥያቄ መዘንጋት አይገባንም፤ ይኸውም መስተዋቱን የያዘው ማን ነው? የሚለው ነው። ሰው በገዛ እጁ የያዘው መስተዋትና ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያሳየው መስተዋት አንድ ዓይነት መልክ አያሳዩምና።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ ልናቀርበው የመረጥነው ታሪክ ይህንኑ ጥያቄ የሚመለከት ነው። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካን አገር፣ ይልቁንም በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ባለታሪኮቹም ላቲኖዎች ናቸው፤ ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከፖርቶ ሪኮ፣ ከሜክሲኮ፣ ከኩባ፣ ከዶሚኒካን ሪፑብሊክና ከሌሎቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ ሰዎች ማለት ነው። የሙዚቃ ቴአትር የምንለው ደግሞ ንግግር፣ ዘፈንና ጭፈራ ተባብረው አንድ ታሪክ የሚተርኩበትን ትርዒት ነው። የዚህ ዓይነቱ ትርዒት ዋና መናኸሪያ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ በተባለው ጎዳና አካባቢ ያሉት ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በመጀመሪያ ስለ ፖርቶ ሪኮ ጥቂት እንናገር። ፖርቶ ሪኮ በካሪቢያን ባሕር ላይ የምትገኝ ደሴት ናት። አራት መቶ ዓመት ያህል በእስፓኝ ግዛት ሥር ከቆየች በኋላ፣ እስፓኝ በ1898 ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ጦርነት ስለ ተሸነፈች ደሴቲቱ በአሜሪካ እጅ ገባች። በ1917 የወጣው ሕግም ለሕዝቡ የአሜሪካን ዜግነት ሰጠው። ስለዚህ አንድ የፖርቶ ሪኮ ሰው ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ በሕግ ረገድ ስደተኛ ሳይሆን በገዛ አገሩ ውስጥ የሚዘዋወር ዜጋ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ፍለጋ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አብዛኛውም በኒው ዮርክ ተቀመጠ፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በምግብ ቤትና በሆቴል እየሠራ ይኖር ጀመር። ዜግነቱ ግን ከንቀት አላዳነውም። በቋንቋው፣ በቆዳው ቀለምና በድኽነቱ የተነሣ ጎረቤቱ እንደ ባዕድ ይመለከተው ነበር።

ይህ ሕዝብ በብሮድዌይ መድረክ ላይ በጉልህ የታየው መስከረም 26 ቀን 1957 ነው። በዚያ ምሽት ዊንተር ጋርደን በተባለው ቴአትር ቤት «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተሰኘው ትርዒት ተከፈተ። ሙዚቃውን የደረሰው ሌናርድ በርንስታይን፣ የዘፈኖቹን ግጥም የጻፈው ስቲቨን ሶንድሃይም፣ ንግግሩን የጻፈው አርተር ሎረንትስ፣ ጭፈራውን ያዘጋጀውና ትርዒቱን የመራው ጀሮም ሮቢንስ ነበሩ። ታሪኩም የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ተከትሎ የተሠራ ነው። ሁለት የወጣት ቡድኖች በአንድ ሰፈር ይጣላሉ፤ አንደኛው ቡድን እዚያው የተወለዱ ነጮች፣ ሁለተኛው ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ልጆች ናቸው። ቶኒ የተባለው የአንደኛው ወገን ልጅ ማሪያ የተባለችውን የሁለተኛውን ወገን ልጅ ይወድዳል፤ ፍቅራቸውም በደም መፋሰስ ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ደራሲዎቹ በ1949 ሐሳቡን መጀመሪያ ሲያነሡት የታሰቡት ሁለት ወገኖች ካቶሊኮችና አይሁድ ነበሩ፤ ፖርቶ ሪኮ የሚባል ስም በሐሳባቸው አልነበረም። ሥራው ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1955 በርንስታይንና ሎረንትስ በሎስ አንጀለስ ተገናኝተው ሲነጋገሩ፣ በጋዜጣ ላይ ስለ ሜክሲኮ ተወላጆች የወጣት ቡድኖች የተጻፈ ወሬ አዩ። ከዚያም ነገሩን ወደ ኒው ዮርክ አዛውረው በፖርቶ ሪኮ ልጆች ላይ አደረጉት። ከአራቱ ደራሲዎች አንዱም የፖርቶ ሪኮ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሶንድሃይም እንዲህ ያለ ድኽነት ቀምሶ እንደማያውቅና ከፖርቶ ሪኮ ሰዎችም ጋር ትውውቅ እንደሌለው ተናግሮ ሥራውን ለመቀበል አመንትቶ ነበር። እንግዲህ ሕዝቡ ወደ መድረኩ የወጣው ራሱ ታሪኬን ልናገር ብሎ ሳይሆን፣ ሌሎች ለታሪካቸው የሚስማማ ባለጋራ ሲፈልጉ ስላገኙት ነው።

ይህን ስንል የትርዒቱን ታላቅነት መካዳችን አይደለም። ሙዚቃውና ጭፈራው እስከ ዛሬ ይደነቃል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ 732 ጊዜ ታይቷል። የጥላቻን ክፉ ፍሬ ለማሳየት የተደረገ ቅን ሙከራ እንደ ነበረም እንመሰክራለን። ሆኖም ከደሴቲቱ የመጣው ተመልካች ራሱን ሲፈልግ ያገኘው ምን ነበር? በእጁ ጩቤ የያዘ ጎረምሳ ነበር። በፋብሪካ ሲደክም የሚውለው አባት፣ ልጁን ለማስተማር የሚጥረው ቤተሰብ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ በመድረኩ ላይ አልታዩም። ከዚህም በላይ «አሜሪካ» የተባለው ዘፈን ደሴቲቱን የበሽታ አገር አድርጎ ስላቀረባት «ላ ፕሬንሳ» የተባለው የእስፓንኛ ጋዜጣ ተቃውሞ አነሣ። ሃዋርድ ረስክ የተባሉ ሐኪምም ዘፈኑ የደሴቲቱን የጤና ሁኔታ በትክክል እንዳልገለጠ በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፉ። ግጥሙ ግን በብሮድዌይ ሳይለወጥ ቀረ።

ድርሻዎቹ ለማን ተሰጡ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ድብልቅ ነው። የማሪያን ድርሻ የተጫወተችው ካሮል ሎረንስ የኢጣልያ ተወላጅ ነበረች። አኒታ የተባለችውን ብልህና ቁጡ ሴት የተጫወተችው ግን ቺታ ሪቬራ ናት። ቺታ በ1933 በዋሽንግተን ከተማ የተወለደች ሲሆን አባቷ የፖርቶ ሪኮ ሰው ነበር። በዚህ ትርዒት ስሟ ገነነ፤ ኋላም ሁለት ጊዜ የቶኒን ሽልማት አገኘች፤ በ2024 እስክታርፍ ድረስም ከብሮድዌይ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዷ ሆና ኖራለች።

ትርዒቱ በ1961 ፊልም ሆኖ ወጣና ዐሥር የኦስካር ሽልማት አገኘ። በፊልሙ ውስጥ ማሪያን የተጫወተችው ወላጆቿ ከሩስያ የመጡት ናታሊ ዉድ ነበረች፤ የዘፈኑም ድምፅ የእርሷ ሳይሆን የማርኒ ኒክሰን ነበር። የማሪያን ወንድም የተጫወተው ጆርጅ ቻኪሪስ የግሪክ ተወላጅ ነው። አኒታን የተጫወተችው ሪታ ሞሬኖ ግን በ1931 በፖርቶ ሪኮ በሁማካዎ ከተማ የተወለደች ነበረች። ሪታ ኋላ እንደ ተናገረችው፣ የፖርቶ ሪኮን ሰው የሚጫወት ሁሉ ፊቱን በአንድ ዓይነት ጠይም ቀለም እንዲቀባ ይደረግ ነበር። የደሴቲቱ ሕዝብ ከነጭ እስከ ጥቁር ልዩ ልዩ መልክ ያለው ሆኖ ሳለ፣ እዚያው የተወለደችው ሴት እንኳ የፖርቶ ሪኮን ሰው እንድትመስል መቀባት ነበረባት። እንዲህ ሆኖ የኦስካርን ሽልማት ያገኘችው እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ ግን የሚቀርብላት ድርሻ አብዛኛው ያንኑ የሚመስል፣ ከዚያም ያነሰ ስለ ነበረ ብዙውን አልቀበልም ብላለች።

የቺታ ሪቬራም ዕድል ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1960 «ባይ ባይ በርዲ» በተባለው ትርዒት ሮዚ የተባለችውን ሴት በመድረክ ላይ መጀመሪያ የተጫወተችው እርሷ ነበረች። ትርዒቱ በ1963 ወደ ፊልም ሲለወጥ ግን ድርሻው ለጃኔት ሊ ተሰጠ። ስምም ቢሆን በነበረበት አይቀርም ነበር። የቺታ ሙሉ ስም ዶሎሬስ ኮንቺታ ፊጌሮዋ ዴል ሪቬሮ፣ ሪታም ስትወለድ ሮሳ ዶሎሬስ አልቬሪዮ ትባል ነበር። ለአሜሪካኖች ጆሮ እንዲቀልል ስሙ አጠረ፣ ተለወጠም። ስም ለሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መንገር አያስፈልግም።

በር የተዘጋበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ከደጅ ቆሞ ይለምናል፣ ወይ የራሱን ቤት ይሠራል። ከ1960ዎቹ መካከል ጀምሮ ብዙ ላቲኖዎች ሁለተኛውን መረጡ። በ1965 በካሊፎርኒያ የወይን ለቃሚዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ሉዊስ ቫልዴስ የተባለው የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣት «የገበሬዎች ቴአትር» የሚል ትርጓሜ ያለውን ቡድን አቋቋመ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ፤ መድረካቸውም የጭነት መኪና ጀርባ ነበር። በ1967 ደግሞ ሚሪያም ኮሎን የተባለችው የፖርቶ ሪኮ ተጫዋች በኒው ዮርክ ተዘዋዋሪ ቴአትር መሥርታ ትርዒቷን ወደ ድኾች ሰፈር እየወሰደች ታሳይ ነበር።

ቫልዴስ የጻፈው «ዙት ሱት» የተባለው ባለሙዚቃ ቴአትር በ1978 በሎስ አንጀለስ ታየ። የተመሠረተውም በእውነተኛ ታሪክ ላይ ነው። በ1942 በዚያች ከተማ አንድ ወጣት ሞቶ ስለ ተገኘ ፖሊስ ብዙ የሜክሲኮ ተወላጆችን ይዞ 22 ወጣቶች ለፍርድ ቀረቡ፤ አብዛኞቹም ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1944 ፍርዱን ሻረው። ቴአትሩ ይህን በደል በዘፈንና በጭፈራ ሲያሳይ የሎስ አንጀለስ ሕዝብ በብዛት እየመጣ ተመለከተው። በ1979 ወደ ብሮድዌይ ሄዶ፣ ያውም «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በተከፈተበት በዚያው በዊንተር ጋርደን ሲታይ ግን የኒው ዮርክ ሐያስያን አልወደዱትምና 41 ጊዜ ብቻ ታይቶ ቆመ። ከሜክሲኮ ተወላጆች ወገን ጽፎ ብሮድዌይ የደረሰ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። አንድ ሥራ ለገዛ ሕዝቡ ሕይወት የሆነውን ያህል ለሌላው እንግዳ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በዚሁ ዘመን በብሮድዌይ ውስጥም አንድ ለውጥ ታይቶ ነበር። በ1975 የተከፈተው «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለው ትርዒት የተሠራው ጨፋሪዎች ተሰብስበው ስለ ሕይወታቸው ከተናገሩት ቃል ነው። ከእነርሱ አንዷ ፕሪሲላ ሎፔስ ወላጆቿ የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ሲሆኑ፣ በትምህርት ቤት ሳለች የቴአትር መምህሯ ተስፋ ያስቆረጣትን ታሪክ ተናገረች። ታሪኳም ዘፈን ሆኖ ራሷ በመድረክ ላይ ዘፈነችው። ንግግሩን ከጻፉት ከሁለቱ ደራሲዎች አንዱ ኒኮላስ ዳንቴ ደግሞ የትውልድ ስሙ ኮንራዶ ሞራሌስ የሆነ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ነበር፤ የራሱንም ሕይወት በአንዱ ባለታሪክ አፍ አስነገረ። ይህ ትርዒት በ1976 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቶ እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታየ። ጩቤ ያልያዘ፣ ነገር ግን ፍርሃትና ተስፋ ያለበት ላቲኖ ብሮድዌይ ላይ መታየት ጀመረ።

ይሁንና አሮጌው ሥዕል ቶሎ አልጠፋም። በ1998 ስመ ጥሩው ዘፋኝ ፖል ሳይመን «ዘ ኬፕማን» የተባለውን ትርዒት አቀረበ። ማርክ አንቶኒና ሩቤን ብላዴስን የመሳሰሉ ታላላቅ የላቲኖ ዘፋኞች ተጫወቱበት። ታሪኩ ግን በ1959 በኒው ዮርክ ሁለት ልጆችን ስለ ገደለ የፖርቶ ሪኮ ወጣት ነበር። ትርዒቱም 68 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ከአርባ ዓመት በኋላም ስለ ፖርቶ ሪኮ ልጅ የሚነገረው ታሪክ ያው የነፍሰ ገዳይ ታሪክ መሆኑ ብዙዎችን አሳዘነ።

አሁን ወደ አንድ ተማሪ ታሪክ እንድረስ። ሊን ማኑኤል ሚራንዳ በ1980 በኒው ዮርክ ተወለደ፤ የዘሩም ሐረግ ከፖርቶ ሪኮ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ያዘጋጀው ትርዒት «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ነበር። ስለዚህ ያንን ታላቅ ሥራ ከነውበቱና ከነጉድለቱ በሚገባ ያውቀው ነበር። ለእርሱ መሰል ወጣት የተጻፈው ድርሻ እጅግ ጥቂት መሆኑን በተመለከተ ጊዜ ግን በማጕረምረም አልተወሰነም። በ1999 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ የራሱን ትርዒት መጻፍ ጀመረ። ኋላም ኪያራ አሌግሪያ ሁዴስ የተባለችው ደራሲ ንግግሩን ጻፈችለት። «ኢን ዘ ሃይትስ» የተባለው ይህ ሥራ ከዘጠኝ ዓመት ድካም በኋላ መጋቢት 9 ቀን 2008 በብሮድዌይ ተከፈተ።

የትርዒቱ ቦታ ዋሽንግተን ሃይትስ የሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ነው። ባለታሪኮቹም አነስተኛ ሱቅ ያለው ኡስናቪ፣ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ የተመለሰችና ለወላጆቿ ለመናገር ያፈረች ኒና፣ የታክሲ ድርጅታቸውን ለልጃቸው ትምህርት ሲሉ ለመሸጥ የሚያስቡ አባት፣ ከኩባ መጥተው ሰፈሩን ሁሉ እንደ አያት ያሳደጉ አሮጊት ናቸው። በትርዒቱ ውስጥ የቡድን ጠብ የለም፤ ታሪኩን የሚገፋው የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የሎተሪ ዕድልና የአገር ናፍቆት ነው። የኒና እናት ሆና የተጫወተችውም ያቺው የ1975ቷ ፕሪሲላ ሎፔስ ነበረች። ትርዒቱ ምርጥ የሙዚቃ ቴአትር የሚለውን ጨምሮ አራት የቶኒ ሽልማት አገኘ፤ 1,184 ጊዜም ታየ። በ2010 ደግሞ ሚራንዳ ትርዒቱን ይዞ ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደ፤ ደሴቲቱም ልጆቿ የጻፉትን ራሷ ተመለከተች።

ከዚህ በኋላ አሮጌው ሥራም ቢሆን መታረም ጀመረ። በ2009 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በብሮድዌይ እንደ ገና ሲታይ የፖርቶ ሪኮ ልጆች እርስ በርሳቸው በእስፓንኛ እንዲነጋገሩና እንዲዘፍኑ ተደረገ፤ ዘፈኖቹንም የተረጐመው ሚራንዳ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከተተረጐሙት ዘፈኖች ከፊሉ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በ2021 ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልሙን በአዲስ መልክ ሲሠራ ግን እስፓንኛው ትርጕም ሳይጻፍበት እንዲነገር አደረገ። የማሪያ ድርሻ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ለተመረጠችውና በእናቷ በኩል የኮሎምቢያ ዘር ላላት ለሬቸል ዜግለር ተሰጠ። የአኒታን ድርሻ የተጫወተችው አሪያና ዴቦዝ በ2022 የኦስካርን ሽልማት ስትቀበል፣ ሪታ ሞሬኖ በዚሁ ድርሻ ከተሸለመች ልክ ስድሳ ዓመት ሆኖ ነበር። ሪታም ራሷ ዘጠና ዓመት ሊሞላት በተቃረበችበት ጊዜ በአዲሱ ፊልም ሌላ ድርሻ ይዛ ተጫውታለች።

ነገሩ በዚህ በደስታ ብቻ ተፈጸመ ብንል ግን ታሪክን ማሳመር ይሆንብናል። በዚያው በ2021 «ኢን ዘ ሃይትስ» በፊልም ሲወጣ ሌላ ቅሬታ ተሰማ። በዋሽንግተን ሃይትስ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ የመጡ፣ ከአፍሪካ ዘር የተወለዱ ጥቁሮች ናቸው፤ በፊልሙ ዋና ዋና ድርሻዎች ላይ ግን ፊታቸው የጠቆረ ተጫዋቾች አልታዩም ተባለ። ሚራንዳም ወቀሳውን በአደባባይ ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ ትናንት መስተዋቱ ያላሳየው ሰው ዛሬ መስተዋቱን ሲይዝ፣ እርሱም በተራው ወንድሙን ከመስተዋቱ ውጭ ሊተው ይችላል። በ2025 በብሮድዌይ የተከፈተው የኩባን ሙዚቀኞች ታሪክ የሚናገረው «ብዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ» ጥቁር የኩባ ዘፋኞችን በመድረኩ መካከል ማቆሙ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ በጎ ፈቃድ ብቻውን እውነትን አያስገኝም። የ1957 ደራሲዎች ሰውን ለመናቅ አልተነሡም፤ ግን የማያውቁትን ሕዝብ ኑሮ ሲጽፉ ባዶውን ቦታ የሞሉት ከጋዜጣ ባገኙት ወሬ ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን የቴአትር ማኅበር ስለ ገበሬው፣ ስለ ሸማኔው ወይም ስለ ሌላ ብሔረ ሰብ ልጅ ስንጽፍ ይኸው አደጋ ይገጥመናል። ሰውየውን ሳንጠይቅ አነጋገሩን እያስመሰልን ብንጫወት ተመልካች ይሥቅልን ይሆናል፤ ከተመልካቾቹ መካከል የተቀመጠው የዚያ ሰው ልጅ ግን አንገቱን ይደፋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሥራ ጉድለት ስላለበት መጣል የለበትም። ሚራንዳ ያንን አሮጌ ትርዒት አልጠላውም፤ ተማረበት፤ ኋላም ያልተባለውን ተናገረ። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የሰውን ድርሻ የሚጽፍለት ሲያጣ ራሱ መጻፍ እንዳለበት ነው። ቺታና ሪታ በተሰጣቸው ጠባብ ድርሻ ውስጥ ሆነው ችሎታቸውን ባያስመሰክሩ፣ የወይን ለቃሚዎቹም በጭነት መኪና ላይ ባይጫወቱ ኖሮ፣ ለኋለኛው ተማሪ መንገዱ ይህን ያህል አይጠረግለትም ነበር።

በየክፍላችን ታሪኩ ገና ያልተጻፈለት ቤተሰብ ልጅ አለ። የሰፈሩን ባለሱቅ፣ የአያቱን ተረት፣ የእናቱን የሥራ ዘፈን ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ብዕሩን ያንሣ፤ ሲጽፍም ጎረቤቱን አይርሳ።